ብርቅ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሁሉ ዘመዳሞች ናቸውን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝን የቤተሰብ ስሞች አመጣጥ በመዝገብ ለማጣራት ለሚደክም ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚያስጨርሰው «ስማችን ብርቅ ስለሆነ በዚህ ስም የምንጠራ ሁሉ የአንድ ሰው ዘር ነን» የሚለው አባባል ነው። ተናጋሪው ማስረጃ አልያዘም፤ የስሙ ባለቤቶች ጥቂት መሆናቸውን ብቻ እንደ በቂ ማስረጃ ይቆጥረዋል።

የስሙ ብርቅነት ግን የሚናገረው ስለ ዛሬው ነው እንጂ ስሙ ሲጀመር ስንት መሥራቾች እንደነበሩት አይደለም። የቤተሰብ ስም በወንድ መስመር ስለሚተላለፍ፣ ወንድ ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ቅርንጫፍ በዚያው ይቋረጣል። ፍራንሲስ ጎልተንና ሄንሪ ዋትሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ሊቃውንት በ1874 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በሒሳብ እንዳሳዩት፣ ብዙ ስሞች ምንም የተለየ መቅሠፍት ሳይደርስባቸው በአጋጣሚ ብቻ ይጠፋሉ። ስለዚህ ዛሬ በጥቂት ሰዎች የቀረ ስም በተለያዩ መንደሮች በተለያዩ ሰዎች የተጀመረና አብዛኛው ቅርንጫፉ የደረቀ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩትም ቅርንጫፎች የአንድ ግንድ ስለመሆናቸው ዋስትና የለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አባባሉ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። በ2009 የታተመው የቱሪ ኪንግና የማርክ ጆብሊንግ ጥናት 40 የብሪታንያ የቤተሰብ ስሞች ያሏቸውን ወንዶች ዋይ ክሮሞዞም (ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የዘር ቅንጣት) መርምሮ፣ ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን የጋራ አባት የመኖሩ ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። እጅግ የተለመደውን ስም ይዘው ስሚዝ የሚባሉት እንደ ማንኛውም ባዕድ ሰው ሲራራቁ፣ ብርቅ የሆነውን ይዘው አተንቦሮ የሚባሉት ግን አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ነበራቸው። ነገር ግን «አብዛኞቹ» ማለት «ሁሉም» ማለት አይደለም። ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ የእናቱን ስም ይይዛል፤ የእንጀራ ልጅ በእንጀራ አባቱ ስም ይጠራል፤ ወራሽ ያጣ ባለ ርስት ንብረቱን ለእህቱ ልጅ ሲያወርስ ስሙንም እንዲወስድ ያስገድደዋል። እንዲህ ያለው መቋረጥ በየትውልዱ በ100 አባቶች 2 ጊዜ ብቻ ይደርሳል ብንል እንኳ፣ ከ20 ትውልድ በኋላ ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ገደማ ከመሥራቹ ደም ውጭ ይሆናል። በዚህ የተነሣ የዲኤንኤ ምርመራ የሚያስቡ ሁሉ፣ የቅርብ ወንድማማቾችን ሳይሆን በመዝገብ ሊገናኙ ያልቻሉ ሁለት የሩቅ ቅርንጫፎች ወንዶችን እንዲያስመረምሩ እመክራለሁ፤ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ማስመርመር ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «ስሙ በብዛት የሚገኝበት ቦታ መነሻው ነው» የሚለው ነው። ለሥርጭት ካርታ አዘውትሮ የሚያገለግለው የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ሲሆን፣ እሱም የተካሄደው ፋብሪካና ባቡር ሕዝቡን ካንቀሳቀሱ በኋላ ነው። ካርታው ላይ ለንደን ሁልጊዜ ደምቃ የምትታየው ሕዝቧ ብዙ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚታየው የሰዎቹ ብዛት ሳይሆን ከአካባቢው ሕዝብ ያላቸው ድርሻ መሆን አለበት። ከቦታ የተወሰደ ስም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በአንድ መንደር ውስጥ ሁሉም የመንደሩ ሰው ስለሆነ ማንንም በመንደሩ ስም መጥራት አይለይም፤ ስሙ የሚወጣለት ሰውየው ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲሰፍር ነው። ባለስሞቹ ከስሙ ቦታ ጥቂት ራቅ ብለው ቢገኙ ሊያስደንቅ አይገባም።

«አጻጻፋችን ስለሚለያይ እነዚያ ሌላ ቤተሰብ ናቸው» የሚሉም አሉ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በላንክሻየር፣ በቤሪ ከተማ አካባቢ ከሚገኝ ሺፖቦተም ከተባለ ቦታ የመጣው ስም፣ ሺፐርቦተም፣ ሸፍልቦተም እና ሹቦተም እየተባለ ተጽፎ ይገኛል። መጻፍ የማይችል ሙሽራ ስሙን በአፉ ይናገራል፣ ጸሐፊው በጆሮው እንደገባው ይከትባል፣ ሙሽራውም ማረም ስለማይችል ከጎኑ የመስቀል ምልክት ያኖራል። አንድ ጠያቂ በስሙ መጨረሻ ያለችውን አንዲት ፊደል የክብር ጉዳይ አድርጓት፣ ፊደሏ የሌለችበትን ገጽ አላይም ብሎኝ ነበር። በቅድመ አያቱ የጋብቻ መዝገብ ላይ ፊደሏ አለች፤ በዚያው ሰው የበኩር ልጅ ጥምቀት ላይ ግን የለችም።

የቀሩት ብዙ ቃል አያሻቸውም። «ስማችን በ1066 ከድል አድራጊው ዊልያም (ከኖርማንዲ መጥቶ እንግሊዝን ከያዘው ንጉሥ) ጋር ገባ» ለሚሉ፣ በዚያ ዘመን የሚወረስ ስም የነበራቸው ጥቂት መኳንንት ብቻ እንደነበሩና የተራው ሕዝብ ስም የጸናው ከዚያ በኋላ ባሉት ክፍለ ዘመናት መሆኑን መንገር ይበቃል። «አሜሪካ ስንገባ የኤሊስ ደሴት (በኒው ዮርክ ወደብ የነበረው የስደተኞች መቀበያ) ጸሐፊ ስማችንን ቀየረው» የሚለውም ልብ ወለድ ነው፤ የመንገደኞች ዝርዝር የሚዘጋጀው መርከቡ በተነሣበት ወደብ ነበር፣ መርማሪዎቹም ያንኑ ያመሳክሩ ነበር እንጂ አዲስ ስም አያወጡም ነበር። ስሙን የቀየረው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ባለስሙ ነው።

«የቤተሰባችን ዓርማ» (በጋሻ ቅርጽ የሚሣል የዘር ምልክት) እየተባለ በመስታወት ተለብጦ የሚሸጠው ጌጥ ግን ከሁሉ ይብሳል። በእንግሊዝ ዓርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም፤ ሊጠቀሙበት የሚችሉትም የተሰጠው ሰውና ሕጋዊ የወንድ መስመር ዘሮቹ ናቸው። መብት አለኝ የሚል ሰው ከ1484 ጀምሮ በቆመው፣ ዓርማ በሚሰጠውና በሚመዘግበው የዓርማ ኮሌጅ ፊት የዘር ሐረጉን ከአባት ወደ አባት እየቆጠረ፣ ከ1837 ወዲህ ያለውን በመንግሥት ምዝገባ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ደግሞ በ1538 በተጀመሩት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦችና በኑዛዜዎች ማስረዳት አለበት፤ እዚያ ስሙ ብርቅ መሆኑን መናገር ለማንም ምንም አያተርፍለትም።