ካርቦን ክሬዲት ምንድን ነው? የሁምቦ ጉቶዎች ታሪክ

"አየር ባየር" የሚለውን ቃል መርካቶ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ሳይታይ፣ መጋዘን ሳይገባ፣ በወረቀት ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ንግድ ነው። ስለ ካርቦን ክሬዲት ባወራሁ ቁጥር የምሰማው የመጀመሪያ ቀልድም ይኸው ነው፦ "ጭራሽ አየር ራሱ መሸጥ ጀመረ?" ቀልዱ ከእውነት ብዙም አይርቅም።

አንድ ካርቦን ክሬዲት የምስክር ወረቀት ነው። አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንዳይለቀቅ መደረጉን፣ ወይም ከአየር ላይ መወሰዱን ይመሰክራል። ገዢው ብዙ ጊዜ ጭሱን መቀነስ የከበደው ድርጅት ወይም ልቀቱን ለመቀነስ ቃል የገባ መንግሥት ነው። ሌላ ቦታ የተቀነሰውን ገዝቶ በራሱ ሂሳብ ያስቆጥራል። አንዴ ከተቆጠረ በኋላ ክሬዲቱ ይሰረዛል፤ ዳግም አይሸጥም።

የሚሸጠው ዛፉ አይደለም፤ መሬቱም አይደለም። ፕሮጀክቱ ባይኖር ይሆን በነበረውና አሁን በሆነው መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚሸጠው። ድሮም ማንም የማይቆርጠው ደን ክሬዲት የለውም።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ የወላይታዋን ሁምቦ ታገኛላችሁ። ተራሮቿ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ለዓመታት ተራቁተው ነበር። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ እየታጠበ ቁልቁል ይወርዳል። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ወርልድ ቪዥን ከነዋሪው ጋር 2,728 ሄክታር መልሶ ለማልማት ተነሳ።

ዘዴው ቀላል ነው፤ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። ችግኝ ማፍላትና ጉድጓድ መቆፈር ዋናው ሥራ አልነበረም። ዛፉ ተቆርጧል እንጂ ሥሩ አልሞተም። ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ጠንካራዎቹን ቅርንጫፎች መርጦ መተው፣ የቀረውን መግረዝ፣ ከብት እንዳይገባ መከልከል። በቃ። ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የለማው እንዲህ ነው። ዘዴውን በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ ያስፋፋው ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነው።

ሰዉ ግን መጀመሪያ ላይ ሰግቶ ነበር። ከብት አታስገቡ ሲባል "መሬቱ ሊወሰድብን ነው" ያለው ብዙ ነው። ቢሰጋ ማን ይፈርድበታል? መፍትሔው ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማቋቋምና የመሬት ተጠቃሚነት መብታቸውን በወረቀት ማረጋገጥ ሆነ። የካርቦን ገዢም ቢሆን ባለቤቱ የማይታወቅ ቶን አይገዛም።

ፕሮጀክቱ በታኅሣሥ 2009 በኪዮቶ ስምምነት የንጹህ ልማት ሜካኒዝም ተመዘገበ፤ በታዳጊ አገሮች የተቀነሰ ልቀት ለሀብታም አገሮች በክሬዲት የሚሸጥበት ሥርዓት ነበር። በዚያ ሥርዓት ከተመዘገቡ ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች በአፍሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተሰላ። ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ለማኅበራቱ በአሥር ዓመት ይገባል የተባለው ከ726 ሺህ ዶላር ትንሽ ይበልጥ ነበር።

ብሩ ሲሰማ ብዙ ነው። እስቲ እናካፍለው። ለአንድ ቶን 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። ለአንድ ሄክታር ደግሞ በዓመት 27 ዶላር አይሞላም። ዋጋው እንዲህ የወረደበት አንዱ ምክንያት ደን መሆኑ ነው። ደን ይቃጠላል፣ ይቆረጣል። ስለዚህ በዚያ ሥርዓት የደን ክሬዲት ጊዜያዊ ነበር፤ ጊዜው ሲያልቅ ገዢው በሌላ መተካት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የካርቦን ገበያ ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም አለ።

ታዲያ ሁምቦ ምን አተረፈች? ከካርቦኑ ገንዘብ ወፍጮና የእህል ማከማቻ ተሠርቷል። ለእኔ ግን ትልቁ ትርፍ ከክሬዲቱ ውጪ ያለው ነው። ሳሩ ታጭዶ ለከብት ይሆናል። ከተገረዘው ቅርንጫፍ ማገዶ ይገኛል። ማርም አለ። አፈሩም እንደ ድሮው ቁልቁል አይሮጥም። ቶኑ ባይሸጥ እንኳ እነዚህ አይቀሩም። የካርቦኑ ውል የሰጠው ማኅበሩን አስሮ የሚያቆይ ምክንያትና በየጊዜው እየመጣ የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ነው።

ሁሉም ፕሮጀክት እንደ ሁምቦ አይደለም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ውሰዱ። ምድጃ ታድላለህ፣ የሚተርፈውን እንጨት ትገምታለህ፣ ክሬዲት ትሸጣለህ። ችግሩ ግምቱ ላይ ነው። ቤት ገብተህ ብታይ አዲሱ ምድጃ ጥግ ይዞ፣ ወጡ አሁንም ሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ልታገኘው ትችላለህ። በወረቀቱ ግን ምድጃው ጠዋት ማታ ይሠራል። በጥር 2024 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከሚገባቸው ከ9 እጥፍ በላይ ክሬዲት እንደወሰዱ አስልተዋል። አየር ባየር ማለት ይሄኔ ነው። ምድጃው ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጭሱ ከቀነሰ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጠቅማል። የተጋነነው ቶኑ ነው።

ሌላው ጥያቄ ብሩ ማን ጋ ይደርሳል የሚለው ነው። በአማካሪ፣ በመዝጋቢ፣ በመርማሪና በደላላ በኩል ሲያልፍ ለገበሬው የሚተርፈው ሊሳሳ ይችላል። ኬንያ በ2023 ያሻሻለችው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ይህን ለማስተካከል ሞክሯል። መሬት ላይ ከተመሠረቱ ፕሮጀክቶች የዓመት ገቢ ቢያንስ 40 ከመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሄድ ያዛል። ሌሎች አገሮችም ቢኮርጁት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ። አገሮች ልቀታቸውን ለመቀነስ ቃል በገቡበት የፓሪስ ስምምነት፣ በአንቀጽ 6 አንድ አገር የቀነሰችውን ልቀት ለሌላ አገር መሸጥ ትችላለች። ስትሸጥ ግን ያን ያህል ቶን ቀነስኩ ከምትለው የራሷ ሂሳብ ታወጣለች፤ አንዱ ቶን ሁለት ጊዜ አይቆጠርማ። እንደ ሁምቦ ጉቶ ያለውን ቀላሉንና ርካሹን ቀድማ ከሸጠች፣ ለራሷ ቃል የሚቀራት ከባዱና ውዱ ነው። ለምሳሌ በአራት ዶላር ሸጣ በአርባ ዶላር ልትሞላው ትችላለች ማለት ነው።