ደብተራ፦ ድንኳን የነበረ ቃል

«ከሱ ጋር አትጣላ፣ ደብተራ ነው።» እንዲህ ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ቃሉ ግን መጀመሪያ ለሰው የወጣ አልነበረም። በዚህ ቃል ዙሪያ የሚወሩትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ደብተራ ማለት ጠንቋይ ማለት ነው»

አይደለም። በግዕዝ ደብተራ ድንኳን ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ይዘዋት የተጓዙት የታቦቱ ድንኳን «ደብተራ ኦሪት» የምትባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ድንኳኑ እንዴት ሰው ሆነ? በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱ አንድ ቦታ ብዙም አይቀመጡም። ከአፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ዘመን ብንጀምር እንኳ፣ ቤተ መንግሥቱ ተነቅሎ የሚተከል የድንኳን ከተማ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ይነቀላል፣ አብሮ ይተከላል። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚህ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ይህን የድንኳን ከተማ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በንጉሡ ሰፈር የሚያገለግሉት ካህናት «ካህናተ ደብተራ» ይባሉ ነበር፤ የድንኳኑ ካህናት ማለት ነው። ኋላ «ካህናት» የሚለው ወደቀና ድንኳኑ ብቻ ቀረ። ዛሬስ «አራት ኪሎ ምን አለ?» እያልን ሰዎቹን በቦታው እንጠራ የለ?

«ቃሉ የመጣው ከደብተር ነው፣ ስለሚጽፉ»

ይሄኛውን ስህተት እወደዋለሁ፤ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ደብተራ ከደብተር አልመጣም፣ ግን ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም አያት የግሪኩ «ዲፍቴራ» ነው፤ የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ነው። ቆዳ ይወጠራል፣ ይጻፍበታልም። አንደኛው ወደ ግዕዝ ገብቶ ድንኳን ሆነ። ሌላው በዓረብኛው «ደፍተር» በኩል ዞሮ መጥቶ ልጆቻችን ቦርሳ ውስጥ ገባ።

ሦስተኛ ዘመድም አላቸው፦ ዲፍቴሪያ። በሽታው ጉሮሮ ላይ ቆዳ የመሰለ ነገር ስለሚጋግር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ከዚያው የግሪክ ቃል ስም አወጣለት። የኛ ሰው ደግሞ «ዘጊ አነዳ» ይለዋል። አነዳም ቆዳ ነው!

«ደብተራ ቄስ ነው»

ደብተራ ስለሆነ ብቻ ቄስ አይሆንም። የቅስና ማዕረግ ከሌለው ቀድሶ አያቆርብም። ቦታው ቅኔ ማኅሌት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዝማሬ የሚቀርብበት ክፍል ነው። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ መቋሚያውን ብብቱ ሥር አስገብቶ ጸናጽሉን እያንሿሿ የሚቆመው እሱ ነው።

«ተምሮ ያልሆነለት ነው ደብተራ የሚሆነው»

ይሄ እንኳ ያናድደኛል። ድጓው (የዜማው መጽሐፍ) ብቻ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያ ቅኔ አለ፣ አቋቋም (በመቋሚያና በጸናጽል የሚቆመው የማኅሌት ሥርዓት) አለ። በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። «የተክሌ አቋቋም» የሚባለው ስልት ስሙን ያገኘው ከልጃቸው ነው። የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፈውም ደብተራ ዘነብ ነው። ማዕረጉ ከስሙ ፊት የተቀመጠው ለክብር እንጂ ለስድብ አልነበረም።

«ክታብ የሚባለው ነገር ሁሉ የሰው ወሬ ነው»

እዚህ ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ መከላከልም አያስፈልግም። ክታብ የጻፉ ደብተራዎች ነበሩ፣ አሉም። ጥሩ ክታብ ረጅም የብራና ጥቅል ነው፤ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረጋል። አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሣሉበታል። የክርስትና ስም ይገባበታል። አንዳንዱ ላይ የስሙ ቦታ ክፍት ተትቶ ቆይቶ በሌላ እጅ ተሞልቷል፤ ገዢ ሳይገኝ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ስትባርክ አልኖረችም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በአስማትና በጥንቆላ ላይ የዘመተ ንጉሥ ነው። ለእኔ የሚመስለኝ፣ በመንደሩ ብራና ፍቆ ቀለም በጥብጦ የሚጽፍ ደብተራው ብቻ ሲሆን፣ ሕመምም ምቀኝነትም የገባው ሁሉ ደጁን ያንኳኳል። የጥቂቶቹም ሥራ ለሁሉም ስም ሆነ።

አሁን ወረፋው የሌላ ቃል ነው። ሰፈራችን መብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «መሪጌታ እገሌ፣ የሄደ ፍቅር እንመልሳለን» ይልና ስልክ ቁጥር ያስከትላል። ማኅሌት የሚመራው ሊቅ ነው እንግዲህ መሪጌታ።