የመልእክት መተግበሪያ ተጠቃሚዎቹን የሚያጣው ለምንድን ነው?
በቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች ቡድናችን ውስጥ «ስካይፕ ያን ያህል ገንኖ ሳለ እንዴት ሊዘጋ ቻለ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ነገሩን ላብራራ። የመልእክት መተግበሪያ ዋጋ የሚኖረው የምንፈልጋቸው ሰዎች በውስጡ ሲኖሩ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሰውን እየሳበ እንደሚያሳድገው ሁሉ፣ ሰው ሰውን እያስከተለ ያራቁተዋል። ለምሳሌ የብሎካችን ኮሚቴ የውኃ ፈረቃ ማስታወቂያን በቴሌግራም ብቻ መለጠፍ ቢጀምር፣ ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁት እናቶች ሳይቀሩ ቴሌግራም ያስጭናሉ፤ የቀድሞው መተግበሪያ ምንም ሳይበላሽ ጭር ይላል። ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. በ8.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ስካይፕም፣ በስልክ ቁጥር ብቻ የሚከፈቱት እነ ዋትስአፕ ሰዉን ሲወስዱበት፣ ባለቤቱም ፊቱን ቲምስ ወደተባለው ሌላው የጥሪና የመልእክት መተግበሪያው ሲያዞር፣ በ2025 ተዘጋ። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች የሚያስወጣው ምክንያት ግን ይለያያል፤ አንዱ ዳታ ስለሚበላበት፣ ሌላው ውጭ አገር ያለችው ልጁ ስለቀየረች ይወጣል።