ላይ ላዩን የተናቀው፡ ስለ ቁሶች ገጽ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አማርኛ ለገጽ ያለው ግምት ዝቅተኛ ነው። ያልጠለቀ ንባብ «ላይ ላዩን» ነው፤ ያልበሰለ ሥራም፣ የማያዛልቅ ፍቅርም እንዲሁ። ቁም ነገሩ ሁልጊዜ ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። ስለ ሰው ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ብረት፣ ስለ መስታወት፣ ስለ ሸክላና ስለ ውኃ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ዝገት የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ምጣድ እንጀራን የሚለቀው ወይም ይዞ የሚያስቀረው በላዩ ነው። የቁስ ሳይንስ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸውን በዚህ ስስ ወሰን ላይ የሚፈጁት ሌላ ሥራ አጥተው አይደለም። ደጋግሜ ከምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ገጽ ማለት ያው ቁሱ የሚያበቃበት ቦታ ነው»

በመዳብ ቁራጭ ውስጥ የሚገኝ አንድ አቶም በ12 አቶሞች ተከቦ ይኖራል፤ ከየአቅጣጫው ተይዟል። ጠፍጣፋው ገጽ ላይ የተቀመጠው ግን ቢበዛ 9 ጎረቤቶች ናቸው ያሉት። ሦስት እጆቹ ባዶ ቀርተዋል እንበል። ባዶ እጅ ደግሞ የሚጨብጠውን ይፈልጋል፤ ኦክስጅን ሲመጣ ኦክስጅኑን፣ እርጥበት ሲመጣ እርጥበቱን፣ ከጣታችን የቀረ ቅባት ሲያገኝ ቅባቱን ይይዛል። ስለዚህ ገጹና ውስጡ ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ይለያያል።

«ታዲያ ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች ስንት ናቸው?» ለሚል መልሱ በመጠኑ ይወሰናል ነው። በየጎኑ 1 ሴንቲሜትር በሆነ የመዳብ ኩብ ውስጥ፣ ከ10 ሚሊዮን አቶሞች ገጽ ላይ የሚገኙት አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ያንኑ ኩብ በየጎናቸው 1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ወደሆኑ ኩቦች ብንከትፈው ግን 6 ካሬ ሴንቲሜትር የነበረው ገጽ 6,000 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለእግር ኳስ ሜዳ ጥቂት የሚቀረው ስፋት ነው። የተጨመረ ቁስ የለም፤ የተጨመረው ገጽ ብቻ ነው። በጆንያ የተከመረ ዱቄት በቀላሉ እሳት የማይዘው፣ በወፍጮ ቤት አየር ላይ የበነነ ዱቄት ግን በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ የሚችለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

«የማይዝግ ብረት የማይዝገው ከአየር ጋር ስለማይዋሃድ ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ክሮሚየሙ ደግሞ ኦክስጅንን ሲያገኝ ጊዜ አይሰጥም። ወዲያውኑ ይዋሃድና ጥቂት ናኖሜትር የምትወፍር፣ በዓይን የማትታይ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ብረቱን ከዝገት የምትጠብቀው እርሷ ናት። ብትጫርም አየር እስካለ ድረስ ራሷን ትጠግናለች። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በ1913 በሼፊልድ ከተማ ይህን ዓይነት ብረት ሲያቀልጥ የጠመንጃ አፈሙዝ በቶሎ የማይበላበትን ቅይጥ እየፈለገ ነበር፤ ያገኘው ግን ሹካና ቢላዋ ሆነ።

አሉሚኒየምም በዚህ መንገድ ነው የሚኖረው። ሽፋኑ ባይኖር ኖሮ አሉሚኒየም ከውኃ ጋር በኃይል የሚዋሃድ ብረት ስለሆነ ሻይ ልናፈላበት አንደፍርም ነበር። ብየዳ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጠላት ያውቁታል፤ አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል።

«አይዝግም» የሚለው ስም ግን ሰውን ያዘናጋል። ጨውና በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ሽፋኗን ነጥብ በነጥብ ይበሳታል። የማይዝግ ብረት ድስት በረኪና ውስጥ ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ በማግስቱ ትናንሽ ጉድጓዶች ሲያይ «አስመስለው ሸጡልኝ» ብሎ ባለሱቁን የሚራገም ሰው አጋጥሞኛል። በተራ የብረት ሽቦ መፈግፈግም ደግ አይደለም፤ የሽቦው ብናኝ ድስቱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና እርሱ ይዝጋል፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የድስቱ ነው።

«ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ እንደ ቀለም ነው፤ ከተጫረ አበቃ»

ቀለም ይሸፍናል፤ ዚንክ ግን ይሸፍናል፣ ደግሞም ይሞታል። የጣራ ቆርቆሮ ሲጫር ወይም ምስማር ሲበሳው ብረቱ ለዝናብ ይጋለጣል። ይሁንና ዚንክ ከብረት ይልቅ ለመበላት የቀረበ ስለሆነ፣ ሁለቱ በውኃ ተገናኝተው ሳለ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ነው። ጭረቱ ጠባብ እስከሆነ ድረስ በዙሪያው ያለው ዚንክ ባዶውን ብረት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት የሚያብረቀርቅ መሆኑ ሳይሆን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ግራም ዚንክ እንዳለበት ነው። በሁለቱም ገጽ ተደምሮ 275 ግራም ከሆነ፣ በየገጹ ወደ 20 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚጠጋ ውፍረት ይኖረዋል። የጣራው ዕድሜ በአመዛኙ የተጻፈው በዚህች ከፀጉር በቀጠነች ንብርብር ላይ ነው።

«መስታወት የሚሰበረው ደካማ ስለሆነ ነው»

መስታወት ቆራጩን ተመልከቱት። መስታወቱን አይቆርጠውም፤ አንድ ስስ ጭረት ያሰምርበትና ቀጭ ያደርገዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ግሪፊዝ በ1920 ያሳተመው ጥናት የሚለውም ይህንኑ ነው፦ መስታወት ከሚገባው ኃይል በታች የሚሰበረው ገጹ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ምክንያት ነው፤ ኃይሉ ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ይጠራቀማል። አዲስ የተሳቡ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ከወፍራሞቹ እጅግ ጠንክረው አግኝቷቸዋል። የዛሬዎቹ የስልክ መስታወቶችም የሚጠነክሩት በገጻቸው በኩል ነው። በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ሲነከሩ ትንንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች ይወጡና ትልልቆቹ ፖታሲየሞች በቦታቸው ይሰገሰጋሉ። ገጹ በዚህ ስለሚጨናነቅ ስንጥቅ አፉን ለመክፈት ይቸግረዋል።

«በለሰለሰ ቁጥር አይጣበቅም፣ አይቆሽሽምም»

ይህኛው ሥር የሰደደ ነው፤ ከፊል እውነትነትም ስላለው ለመንቀል ያስቸግራል። ሻካራ እንጨት በአሸዋ ወረቀት ሲለሰልስ ሰበቃው በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን ማለስለሱን እስከ ጥግ ብንገፋበት ነገሩ ይገለበጣል። ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሶን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈለሰፋቸው የመለኪያ ብረቶች እጅግ ከመለስለሳቸው የተነሣ፣ ሁለቱን አንሸራትቶ የገጠመ ሰው በቀላሉ አያላቅቃቸውም። ሙጫ የለም፤ ማግኔትም የለም። ተራ ብረቶች ሲነካኩ በትክክል የሚገናኙት ጉብታዎቻቸው ብቻ ናቸው፤ የዮሐንሶን ብረቶች ግን ብዙ ቦታ ላይ ስለሚቀራረቡ የአቶሞቹ መሳሳብ ከመካከላቸው ካለው ስስ የፈሳሽ ንብርብር ጋር ተባብሮ ያያይዛቸዋል።

በምድር ላይ ብረቶች ሲነካኩ የማይጣበቁት ኦክሳይዱና ቅባቱ መካከል ስለሚገባ ነው። በጠፈር ላይ ሽፋኑ ሲፋቅ የሚተካው አየር የለም። በ1989 ወደ ጁፒተር የተላከችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር በ1991 እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ትልቅ አንቴናዋን እንድትከፍት ብትታዘዝ አልከፈተችም። መርማሪዎቹ የደረሱበት ምክንያት አሳዛኝ ነው፦ የጥቂት ፒኖች ቅባት መንኮራኩሯ ገና በመሬት ላይ በጭነት መኪና ስትመላለስ ተፍቆ ኖሮ ብረት ከብረት ተያያዘ። ተልእኮው የቀጠለው እጅግ ዝግተኛ በሆነች ትንሿ አንቴና ነው።

ንጽሕናውም እንዲሁ ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጓሮዎች የሚበቅለውን የጎደሬ ቅጠል ከዝናብ በኋላ ያየ ሰው ውኃው እንደ ዶቃ ሲንከባለል ያስተውላል። ቅጠሉ ለእጅ ለስላሳ ቢመስልም በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጉብታና በሰም ቅንጣት የተሞላ ነው። ጠብታው በጉብታዎቹ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ አየር አለ። ሲንከባለል አቧራውን ይዞ ይወርዳል። ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ባርትሎት ሎተስ በተባለ የውኃ ተክል ቅጠል ላይ ይህን ሲያስረዳ፣ ቀለም ፋብሪካዎች ራሱን የሚያጸዳ የግድግዳ ቀለም ወደ መሥራት አመሩ።

«ምጣድ ማሟሸት ልማድ እንጂ ሳይንስ አይደለም»

እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። አዲስ የሸክላ ምጣድ ውኃ ይጠጣል፤ ሊጡ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባና ሲደርቅ ይይዘዋል። ሲሟሽ የጎመን ዘሩ ዘይት ወደ እነዚያ ቀዳዳዎች ይሰርጋል፤ በግለቱና በኦክስጅኑ የዘይቱ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ጠንካራ፣ ጥቁር፣ ውኃ የማይወድ ንብርብር ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ዘይት መሆኑ ቀርቷል፤ በፕላስቲክና በከሰል መካከል ያለ ነገር ነው። ማሰሻው በየጊዜው የሚያደርገው የተፋቀውን መጠገን ነው። ምጣድን በሳሙና መፈተግ ጥፋት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የሚታጠበው እድፍ ሳይሆን የተለፋበት ገጽ ነው።

«የፎይል አብረቅራቂው ወገን ወደ ውስጥ መሆን አለበት»

ልዩነት የለውም። ፎይሉ በመጨረሻው ዙር ሁለት ሁለት ሆኖ በሮለር መካከል ስለሚያልፍ፣ ሮለሩን የነካው ወገን ያብረቀርቃል፤ እርስ በርስ የተነካካው ይደበዝዛል።

«ታጥቦ የደረቀ ነገር ንጹሕ ነው»

ለእራት አዎ፤ ለገጽ ተመራማሪ በፍጹም። ንጹሕ የብረት ገጽ ተራ አየር ውስጥ ቢቀመጥ በጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ በጋዝ ሞለኪውሎች ሊሸፈን ይችላል። አየሩ ወደ ቢሊዮንኛ እጅ ቢቀንስ እንኳ የምናገኘው ፋታ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ሥራው ከዚያም በሺዎች እጥፍ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ዝግ ክፍል ይፈልጋል። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጌርሃርድ ኤርትል በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አሞኒያ በብረት ላይ እንዴት እንደሚፈጠር ደረጃ በደረጃ አሳየ፤ አዝጋሚው እርምጃ የናይትሮጅን ሞለኪውል ብረቱ ላይ ለሁለት መከፈሉ መሆኑን አረጋገጠ። በ2007 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው።

«ከሰል ውኃን የሚያጣራው እንደ ወንፊት ነው»

ወንፊት በመጠን ይለያል፤ ከሰል በገጹ ይይዛል። ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል በአንድ ግራም ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ ቆሻሻው እዚያ ላይ ይለጠፋል። ልዩነቱ ተግባራዊ ነው። ወንፊት ሲሞላ ይደፈናል፣ እናውቃለን። ገጽ ሲሞላ ግን ውኃው እንደ ወትሮው ይፈሳል፤ የሚቀረው መጣራቱ ብቻ ነው። ማጣሪያው በጊዜው መለወጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ገጽ ደግሞ ያማርጣል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃ ላይ ያለውን ፍሎራይድ ተራው ከሰል በቅጡ አይይዘውም፤ ማፍላትም ጭራሽ ያከማቸዋል። የተከሰለ የከብት አጥንት ግን ይይዘዋል፤ አጥንቱ የተሠራበት ማዕድን ከጥርሳችን ማዕድን ጋር አንድ ዓይነት ነውና ፍሎራይድ ይወደዋል። ጥርስን የሚያበላሸው መሳሳብ እዚህ ለማዳን ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

«ገጽን ለማጥናት ውድ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል»

ዛሬ ብዙውን ጊዜ አዎ። አግነስ ፖክልስ ግን የነበራት ወጥ ቤት ነው። በ1880ዎቹ በጀርመን ብራውንሽቫይግ ከተማ ወላጆቿን እያስታመመች ዕቃ ታጥብ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዝግ ነበር። ቅባት የእጣቢውን ገጽ እንዴት እንደሚለውጠው እያየች ከቆርቆሮ አንድ ገንዳ ሠራች፤ ውኃ ሞላችበት፤ የገጹን ስፋት በቆርቆሮ ዘንግ እየገፋች፣ ትንሽ ክብ ነገር በሚዛን አንጠልጥላ ከውኃው ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን ኃይል ለካች። ውጤቷን ለእንግሊዛዊው ፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ጻፈችለት፤ እርሱም አስተርጉሞ በ1891 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት እንዲወጣ አደረገ። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚዩር በኋላ የእርሷን ገንዳ አሻሽሎ ተጠቀመበት፤ በ1932 በገጽ ኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። በዚያው ዓመት የብራውንሽቫይግ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ለ70 ዓመቷ ፖክልስ የክብር ዶክትሬት ሰጣት።