ወጪ መጋራት ምንድን ነው?

"ልጄ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባልኝ፤ ከእንግዲህ ወጪ የለብኝም።" ወሎ ውስጥ እንዲህ የሚል አባት ሞልቷል። በተለይ በየዓመቱ ቆላ ወርዶ፣ መተማና ሁመራ ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ ከርሞ የሚመለስ አባት። እውነቱን ነው፤ ምዝገባ ላይ ክፈል የሚለው የለም። ግን ነገሩ ዱቤ እንጂ ነጻ አይደለም።

ወጪ መጋራት የሚባለው ይኸው ነው። በ1996 ዓ.ም. ተጀመረ። ተማሪው የምግቡንና የዶርሙን ወጪ፣ ከትምህርቱም ድርሻውን (ሲጀመር 15 በመቶ ነበር) ሥራ ሲይዝ ሊመልስ ውል ይፈርማል። ሲቀጠር ከደመወዙ ይቆረጣል። ከፍሎ እስኪጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪው አይሰጠውም፤ በቴምፖራሪ (በጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ሥራ ይፈልጋል።

ብዙ ፍሬሽማን (አዲስ ገቢ ተማሪ) የውሉን ቅጽ ሳያነበው ይፈርማል። እዚያ ላይ ግን ምርጫ አለ፦ ካፌ (የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መመገቢያ) መብላት፣ ወይም ነን ካፌ ሆኖ በምግቡ ፈንታ በየወሩ ብር መቀበል። ሁለቱም ዕዳ ውስጥ ይገባሉ። ቤቱ የቸገረው ልጅ ብሩን ሲመርጥ ይገባኛል፤ ታናናሾቹ አሉ። በኔ ግምት ግን ካፌውን ይያዝ። ብር እጁ ላይ ካለ ወደ ቤት ይልከዋል፣ እሱ ጦሙን ያድራል። ባዶ ሆድ ደግሞ ሂሳብ አይገባውም።

ዕዳውስ ቀስ ብሎ ይከፈላል። ልጆቹን የሚጥላቸው ውሉ የማይሸፍነው ጥቃቅን ነገር ነው። የጥሪ ማስታወቂያውን አንብቡት፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶ። ምደባው ደሴ ወይም ወልድያ ከሆነ እሰየው፤ ጅማ ከሆነ ትራንስፖርቱ ራሱ ጉድ ነው። ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ የሃንድአውት (መምህሩ የሚሰጠው ጽሑፍ) ፎቶ ኮፒ። ጥሪው ከሰሊጥ አጨዳ ጋር ሲገጥም ደግሞ አባት ቆላ ነው። ስልኩ አይሠራም፤ ብሩም አጨዳው ሳያልቅ እጁ አይገባም።

ስለዚህ መርዳት የሚፈልግ ሰው አራት ዓመት ላስተምር ብሎ አይጨነቅ። የመጀመሪያዋን ሳምንት ይሸፍን። ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ለለቅሶ እንደሚያዋጣ ለአንድ ብርድ ልብስና ለመኪና ቢያዋጣ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ጊቢ ከገባ በኋላ ደግሞ የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበብ ካለ ሳያፍር ይጠይቅ፤ ፎቶ ኮፒና ሳሙና የሚያግዙ አሉ።

ውሉ በየዓመቱ ስለሚፈረም ቅጂውን ያስቀምጥ። ሲመረቅ ስንት እንዳለበት የሚያመሳክረው በእሱ ነው።