«ኮስሚክ ሆረር» ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። በዚያ ብርድ ጋቢ ደርቦ በታብሌት ሥዕል ይስላል። ባለፈው አንዱን አሳየኝ። አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ የእሳት ጎማ፣ ዙሪያውን ዓይን ብቻ። «መልአክ ነው። ኮስሚክ ሆረር ይባላል» አለኝ። አያታችን መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «የኪሩቤል መንኮራኩር አይደል እንዴ? ምኑ ያስፈራል?» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

እውነታቸውን ነው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ዓይን የሞላበት መንኮራኩር፣ የሰው፣ የአንበሳ፣ የበሬና የንስር ፊት ያላቸው እንስሳ። (ዛሬ ጠፈር የምትሄደዋንም መንኮራኩር ማለታችን ደስ ይለኛል።) ኅዳር 8 አርባዕቱ እንስሳን ለሚያከብር ሰው ባለ ብዙ ዓይን ፍጡር እንግዳ አይደለም።

ታዲያ አዲሱ ነገር ምኑ ላይ ነው? ኮስሚክ ሆረር የሥነ ጽሑፍ ዘውግ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መልክ ያስያዘው አሜሪካዊው ደራሲ ላቭክራፍት ነው። የሚያስፈራው ጭራቁ ክፉ መሆኑ አይደለም። ከቁብ አለመቁጠሩ ነው። የኛ ጋኔን ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ይጠብቅሃል። ዛሩም ሽቶ አምጡ፣ ገብስማ ዶሮ እረዱልኝ ይላል። ክፉም ቢሆን ካንተ የሚፈልገው አለ፤ ትደራደራለህ። ከዚህኛው ጋር ድርድር የለም። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲሞላ አፋፉ ላይ ቆመህ ታውቃለህ? ገደሉ አይጠላህም። መቆምህንም አያውቅም። እንደዚያ ነው።

እንደ አክስቴ ልጅ ያሉ ሠዓሊዎች ይሄን ስሜት ወደ መልአክም ወደ ሰይጣንም አመጡት። መልአክ ሲገለጥ መጀመሪያ «አትፍራ» የሚለው በከንቱ አይደለም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሰይጣኑ ላይ ግን ብዙዎቹ ይሰንፋሉ። ቀንዱን አንስተው ረጃጅም ተልመጥማጭ እጅ ይቀጥሉለትና አለቀ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ልማድ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩሃል። ሰይጣንና ይሁዳ በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የልጁን ሥዕል ደግሜ ሳየው የረበሸኝም የዓይኑ ነገር ነው። ልቆጥራቸው ሞከርኩ፤ ከ60 በኋላ ተምታታብኝ። አንዱም ወደኔ አያይም።