«ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት»፦ ከሥሩ ያለውን ቁጥርስ?

ሰው ተሰድቦ ዝም ሲል ወዳጆቹ የሚያጽናኑበት ጥቅስ አያጡም፤ «ተወው፣ ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት» ይሉታል። አባባሉ የመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 ቁጥር 4 ነው። ከመጽሐፉ ወጥቶ ሰው አፍ ከገባ ግን ስለቆየ፣ ብዙዎቻችን እንደ «ዝም አይነቅዝም» ያለ የአገር ተረት አድርገን ነው የምንናገረው። ነገር የሚመጣው መጽሐፉን ከፍቶ አንድ መስመር ዝቅ ያለ ሰው ሲገኝ ነው፦

«አንተ ደግሞ እርሱን እንዳትመስል ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት።
ለራሱ ጠቢብ የሆነ እንዳይመስለው ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት።»

መጽሐፍ ቅዱስ እርስ በርሱ ይጋጫል ብሎ ለመከራከር የተነሣ ሰው ይህን ቢመዝ አይፈረድበትም። ሌሎቹ ግጭት የሚባሉት አንዱ ማቴዎስ ላይ፣ ሌላው ሉቃስ ላይ ናቸው፤ ጸሐፊው ሌላ፣ የሚጻፍለትም ሰው ሌላ ነው ይባላል። እዚህ ግን «አታድርግ»ን ከ«አድርግ» የለየች አንዲት አራት ነጥብ ብቻ ናት።

ወደ ፍቺው ከመግባታችን በፊት «ሰነፍ»ን እናጥራ። እኛ ዛሬ ሰነፍ የምንለው ሥራ የማይወደውን፣ ትምህርት የማይገባውን ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ይህን ጥቅስ ስሰማ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ጥያቄ ቢጠይቅ መምህሩ እንዳይመልስለት የታዘዘ ይመስለኝ ነበር። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚያ ዓይነቱ ሰው ሌላ ስም አለው፤ «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» የተባለው ታካች እርሱ ነው። እዚሁ ምዕራፍ 26 ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ አንበሳ መንገድ ላይ አለ ብሎ ከቤት የማይወጣውም ታካች ነው። ሰነፍ ግን በመዝሙሩ «በልቡ አምላክ የለም ይላል» የተባለው ሰው ነው፤ ማስተዋል የጎደለው፣ ቢመከር የማይሰማ። ዛሬ ቢተረጎም «ቂል» የሚለው ይቀርበዋል። ስለዚህ ነገሩ ስለ ስንፍና ሳይሆን ስለ ቂል ሰው ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ማን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው? ምዕራፍ 25 ሲጀምር፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ሰዎች የገለበጧቸው የሰሎሞን ምሳሌዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ሕዝቅያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የነበረ ንጉሥ ነው። እንግዲህ እነዚህ ገልባጮች ሙያተኞች ናቸው፤ ፊት ለፊት የሚጋጩ ሁለት መስመሮችን አከታትለው ሲጽፉ አላየንም ሊሉ አይችሉም። አውቀው ነው ያደረጉት። በእኛም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው ክፍል ራሱን ችሎ መጽሐፈ ተግሣጽ ይባላል፤ ስሙም ቂልና መልስ ለሚነሡበት ምዕራፍ ሳይስማማው አልቀረም።

ጉዳዩ የጥንቶቹን የአይሁድ መምህራንም አስጨንቋል። የመምህራኑ ክርክርና ትምህርት በተሰበሰበበት በባቢሎኑ ታልሙድ፣ ሻባት በሚባለው ክፍል እንደተጻፈው፣ ሊቃውንቱ ቃሉ እርስ በርሱ ይጣላል ብለው መጽሐፈ ምሳሌን ሊሰውሩት አስበው ነበር። ምሳሌ አድርገው የሚያነሡትም እነዚህኑ ሁለት ቁጥሮች ነው። ያስታረቁበት መንገድ አጭር ነው፤ «መልስለት» የተባለው በሕጉ ትምህርት ነገር ነው፣ «አትመልስለት» የተባለው በተራው የዓለም ነገር ነው። ከዚያ ወሬ ያመጣሉ። አንዱ ወደ ረቢ ይሁዳ መጥቶ «ሚስትህ ሚስቴ ናት፣ ልጆችህም ልጆቼ ናቸው» ይላቸዋል። እርሳቸው አልተቆጡም፤ «አንድ ጽዋ ወይን ትጠጣለህ?» ብቻ አሉት። (ታልሙዱ ሰውየው ጠጥቶ ፈነዳ ይላል፤ እኔ የማደንቀው ግን ግብዣውን ነው።) በሌላ በኩል ረባን ገማልያል በሚመጣው ዘመን ሴት በየቀኑ ትወልዳለች ብለው ሲያስተምሩ፣ አንድ ደቀ መዝሙር «ከፀሐይ በታች አዲስ ነገር የለም» የሚለውን ጥቅስ እያነሣ አሾፈባቸው። እርሳቸው ግን አልተዉትም፤ ና ላሳይህ ብለው በየቀኑ የምትጥለውን ዶሮ አሳዩት።

የታልሙዱ መፍትሔ ደስ ይላል፣ ግን ለኔ አይበቃኝም። ሕጉና የዓለሙ ነገር የሚለው ክፍፍል ከቁጥሮቹ ውስጥ የለም፤ ከውጭ የመጣ ነው። ማስታረቂያው ግን እዚያው ቁጥሮቹ ውስጥ ተቀምጧል፤ የምንጥለው እኛ ነን። ጥቅሱ በሰው አፍ ሲዞር «አንተ ደግሞ እርሱን እንዳትመስል» የሚለው ይቀራል፣ «አትመልስለት» ብቻ ይተርፋል። በዕብራይስጡ ሁለቱም መስመሮች ለዚህ «እንዳይሆን» ለሚለው ነገር ያላቸው ቃል አንድ ነው፤ «ፔን»። የመጀመሪያው «እንዳይሆን» አንተን ያያል፤ እየጮኸ ያለውን ሰው ስትመልስ አንተም መጮህ ትጀምራለህ፣ ሦስተኛ ሰው ቢመጣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሁለተኛው እርሱን ያያል፤ ዝም ስትለው ያሸነፈ ይመስለዋል። በዕብራይስጡ «በራሱ ዓይን ጠቢብ» ነው የሚለው፤ ያው ሐረግ በቁጥር 12 ተመልሶ ይመጣና፣ እንዲህ ካለው ሰው ይልቅ ለሰነፍ ተስፋ አለው ይላል። ቁጥር 5 የሚፈራው እንግዲህ ቂሉ ከቂልነትም ወደባሰ ቦታ እንዳይወርድ ነው።

ስለዚህ ትእዛዙ ሁለት ሳይሆን ጉዳቱ ነው ሁለት። ዛሬ በደጅህ የቆመው የትኛው እንደሆነ መጽሐፉ አይነግርህም፤ ለዚህ ይመስለኛል ሁለቱንም አጠገብ ላጠገብ ያኖሯቸው። እዚያው ቁጥር 9 ላይ፣ ምሳሌ በሰነፎች አፍ ሲገባ በሰካራም እጅ እንደተሰካ እሾህ ነው ይላል። ቃሉ እውነት ሆኖም ቦታውን ካላወቁለት ይወጋል።

በወንጌል ይህ በአንድ ሰው ሲፈጸም እናያለን። የካህናት አለቆች «በምን ሥልጣን ይህን ታደርጋለህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ ጌታ የዮሐንስ ጥምቀት ከወዴት ነበረች ብሎ ጠየቃቸው፤ በራሳቸው ወጥመድ ያዛቸው። ያ ቁጥር 5 ነው። ሄሮድስ ግን ተአምር ለማየት ጓጉቶ በብዙ ቃል ሲጠይቀው አንድም አልመለሰለትም። ጳውሎስ ደግሞ ይበልጥ ሰውኛ ነው፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ በሚመኩት ሰዎች ልክ መመካት ይጀምርና፣ መሐል ላይ እንደ ሞኝ እየተናገርኩ ነው እያለ፣ ወደ መጨረሻው እናንተ ግድ አላችሁኝ ብሎ ያሳብባል። ቁጥር 5ን እየፈጸመ ቁጥር 4ን እንደሚፈራ ያስታውቅበታል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ልንደነግጥ አይገባም። «ዝም አይነቅዝም» የምንል ሰዎች «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» እንላለን፤ ይጋጫሉ ብሎ ከተረቶቹ አንዱን ይጣል ያለ ሽማግሌ ግን አላየሁም። አንዱ የሚነገርበት ቀን አለ፣ ሌላውም የሚነገርበት ቀን አለ።

ባለፈው ጊዜ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አንዱ ትልቅ አጎቴ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ደም ግፊትን ስለሚያድን መድኃኒት መዋጥ አያስፈልግም የሚል ድምፅ ላከ። ከወጣቶቹ አንዱ ሊሟገት ሲነሣ፣ ሌላው የአክስቴ ልጅ «ምሳሌ 26፥4» ብሎ ጻፈለት። (አጎታችንን በዘወርዋራ ሰነፍ ማለቱ ነበር፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል።) ነርስ የሆነችው አክስቴ ከሥሩ «26፥5» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም ግፊት ያለበት ሰው ክኒኑን በራሱ ሲያቆም ምን እንደሚያጋጥመው በአራት መስመር፣ ያለ ቁጣና ያለ ስም፣ ግሩፑ ውስጥ ላሉት ሁሉ አስረዳች። አጎቴ መልስ አልሰጠም። ማታ እርስዋው ደወለችለት፤ ስለ ድምፁም ስለ ጥቅሱም ምንም አላነሣችም፤ «ጋሼ፣ የዛሬውን ክኒን ዋጥክ?» ብቻ አለችው።